ከኩሬው የወጣው ምሰሶ

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ጭሮ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን ስገባ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ዘበኛው፣ "አባባ፣ ጫማዎን ያድርጉ እንጂ፣ መስጊድ መሰለዎት?" ይላቸዋል። እሳቸው ጫማቸውን ገልብጠው አሳዩት። ሶሉ በጥቁር ጭቃ ተለውሷል። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወቅት አልፏል፤ የከተማው ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ለውሃ የሚሰለፉበት ሰሞን ነው። ጭቃ ከየት እንዳገኙ ገረመኝ።

የፈለጉት እኔን ነበር። ወንበር ሰጥቻቸው ተቀመጡ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኛ ቀበሌ መጥተሽ፣ የድሮ ነገር ካያችሁ ሳትነኩት ንገሩን ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

እኔ ነበርኩ። ሥራ እንደጀመርኩ በየቀበሌው እየዞርኩ ስለ ቅርስ ጥበቃ እናገር ነበር። እናገር ነበር ማለቱ እንኳ ይበዛብኛል፤ ከወረቀት ላይ አነብ ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሕዝቡም በትዕግሥት ሰምቶ፣ እጄን ጨብጦ ይሸኘኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር አግኝቼ አልነካሁትም ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። እሳቸው የመጀመሪያው ሆኑ።

"ውሃው ወረደ" አሉ። "የአባቴ ቤት ታየ። ኡቱባው እንደቆመ ነው።"

ኡቱባ በኦሮምኛ የቤት መካከለኛ ምሰሶ ነው። ሰፈራቸው ከቦኬ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ ሸለቆ ዳር ነው። እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ ሸለቆው ለመስኖ ተገድቦ ኩሬ ሆነ፤ ሰዉ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ ታች የነበሩትን ቤቶች ውሃ ዋጣቸው። ውሃው እንደዘንድሮ ጎድሎ አያውቅም።

በእሳቸው ቤተሰብ ዘንድ የበኩር ልጅ ለቤቱ አዲስ ምሰሶ አይቆርጥም። የአባቱ ቤት ሲያረጅ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ክዳኑ ይቃጠላል፣ ምሰሶው ግን ተነቅሎ የልጁ ቤት መሐል ይተከላል። ጥድ ነው። የትኛው አያት እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። ኩሬው ሊሞላ ሲል አባታቸው፣ ና ምሰሶውን እናውጣ ብለው ላኩባቸው። እሳቸው ያኔ ቦርደዴ ከባቡር ዕቃ ያወርዱ ነበር። ዛሬ ነገ ሲሉ ቆይተው ሲመጡ ውሃው የበሩን ጉበን አልፎ አገኙት።

"አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣኝም" አሉ። "ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዲሱን ቤት በባሕር ዛፍ ምሰሶ ሠራን። እስኪሞት ድረስ ጀርባውን አስደግፎበት አያውቅም።"

አሁን የበኩር ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ቤትም ሊሠራ ነው። "ከእኔ እጅ ያመለጠው በልጄ ቤት ይቁም ብዬ ነው" አሉ። "ጎረቤቶቼ በገመድ ጎትተህ አውጣው ይሉኛል። አንቺ አትንኩ ስላልሽ ልጠይቅሽ መጣሁ።"

የተማርኩት አርኪዮሎጂ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከትምህርቶቹ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት እኔን ጨርሶ የማይመለከተኝን ነበር፤ ስለ ሰመጡ መርከቦችና ውሃ ስለዋጣቸው ከተሞች የሚያወራውን። ባሕር አይቼ አላውቅም። ዋናም አልችልም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ "እናንተ አገር የሚሰምጥ መርከብ ቢገኝ ጫት የጫነ አይሱዙ ነው" ይለኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ከገባሁ በኋላም ወሬው ተከትሎኝ፣ አለቃዬ "ጠላቂዋ" እያሉ ይጠሩኛል። ከትምህርቱ ግን አንድ ፎቶግራፍ ከዓይኔ አልጠፋም። ከባሕር ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ የመርከብ ሳንቃ ነው። እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል። አስተማሪያችን እንዲህ ብሎ አስረዳን፦ እንጨት ብዙ ዘመን ውሃ ውስጥ ሲኖር ውስጡ ቀስ እያለ ይበላል፤ ቅርጹን የያዘለት የጠጣው ውሃ ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ ከወጣበት እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ይጨማደዳል፤ ያንን ደግሞ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ወይ እዚያው መተው ነው፣ ወይ አውጥቶ እንደ በሽተኛ እርጥበቱን እየጠበቁ ወራት ማስታመም ነው።

ይህን ሁሉ በዝግታ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። የሚሻለው ጭቃ አልብሶ እዚያው መተው እንደሆነ ጨምሬ ነገርኳቸው። ጫማቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍራቸው እየፋቁ አዳመጡኝ።

"ውሃው ትዕግሥት አለው" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ግን የለኝም። ሌላውን መንገድ ንገሪኝ።"

ሌላው መንገድ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ጥላ ሥር ጉድጓድ ውስጥ አጋድሞ፣ ውሃ እያጠጡ እስከ መስከረም ማቆየት ነበር፤ ከዚያም ጆንያውን አንድ በአንድ ማንሳት። ሰርጉ ከክረምት በፊት ነው፤ ቤቱ ግን መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

"ልጁ ይጠብቃል" አሉኝ። "ሙሽራዋም እኔ ቤት ትቆያለች። ምሰሶው ሳይጎዳ ይውጣ እንጂ።"

አለቃዬ ነገሩን ሲሰሙ ሳቅ አሉ። "የሽማግሌ ቤት ምሰሶ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅርስ የሆነው? ግን ሂጂ፤ ጠላቂ ቀጥረን ሳትጠልቂ መቅረትሽ ነው። መኪና የለም እንጂ ፈቃድ አለሽ።" ከሽማግሌው ጋር ከገበያ ባዶ ጆንያና የሙዝ ቅጠል ገዛን። ቅጠሉን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ሂርና አክስቴ ዘንድ ስከርም፣ ጫቱን ለመንገድ በእርጥብ ቅጠል ሲጠቀልሉት፣ ጫቱም ሳይጠወልግ ሲያድር አይ ነበር። በሚኒባስ ሄደን፣ የቀረውን በእግር ወርደን፣ እኩለ ቀን ላይ ኩሬው ዘንድ ደረስን።

ኩሬ አይባልም ነበር። መሐሉ ላይ ቡና መልክ ያለው ውሃ ቀርቷል፤ ዙሪያው የተሰነጣጠቀ ደለል ነው። ከደለሉ ላይ የድንጋይ መሠረቶች በክብ በክብ ወጥተዋል። አንዱ ዘንድ ወፍጮ ድንጋይ አለ፣ አንዱ ዘንድ የማድቤት ጉልቻ እንደተጎለተ ነው። ደለሉ በወፈረበት ሁሉ የምሰሶ ጫፎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ፎቶግራፍ ላይ ያየኋቸውን የሰመጡ ከተሞች አሰብኩ። እዚህ ወረቀቴን ጎንበስ ብዬ ሳነብ፣ እነዚህ ቤቶች ከእግሬ በታች ውሃ ውስጥ ነበሩ።

የሽማግሌው አባት ቤት ከውሃው ዳር፣ ደለሉ ከሁሉ በወፈረበት ነበር። ምሰሶው ከጭቃው በላይ ክንድ ያህል ወጥቷል። አየር ያገኘው ጫፍ ከአሁኑ አመድ መስሎ ቀጭን ስንጥቅ ይዞ ነበር። ከሥር ያለው ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ስነካው እንደ ሳሙና አሟለጨኝ። ወንድ ልጃቸውና ጎረቤቶቻቸው ዙሪያውን ቆፈሩ። ገመድ ያመጡም ነበሩ፤ ሽማግሌው አስጣሏቸው። "እሷ ያለችውን" እያሉ በእጃቸው ጭቃውን ያወጡ ጀመር። እየወጣ በሄደ ቁጥር ከላይ እርጥብ ጆንያ እያለበስኩት፣ ከዚያ ቅጠል እየደረብኩበት፣ አንድም ጭረት ሳይነካው ወጣ። ሰዎቹ ሲያነሱት ሽማግሌው ከሥሩ ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። "ይተዉት፣ ያደክምዎታል" ቢሏቸውም አልሰሙም። በዕድሜዬ አንድ ሥራ በትክክል ሠራሁ ብዬ በልቤ የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው።

ዳገቱ ላይ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቀን። አጋደምነው። ውሃ አጠጣነው። የበላሁት እህል ሳይኖር እጄን ልታጠብ ስል ሴቶቹ በበሩ ገቡ።

ፊት የሚመጡት የሽማግሌው ታላቅ እህት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውም እንደዚያው፤ አንዲት ወጣት ሴት ክንዳቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። ሌላዋ ቅቤ የሞላ ቅል ይዛለች። የቤቱ ምሰሶ ሲነሣና ሲተከል በቅቤ ይታሻል፤ ይመረቃል። እህትየዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። የታያቸው ረዥም፣ የተጠቀለለ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተጋደመ ነገር ነው።

"ማንን ነው የገነዛችሁት?" አሉ።

"ኡቱባው ነው" አሏቸው ወንድማቸው። "ይቺ ልጅ ናት እንዲህ አድርጉት ያለችን።"

"የአባቴ ምሰሶ ሬሳ ነው? ምሰሶ የሚተኛው ቤት ሲጠፋ ነው። የእኛ ቤት ጠፍቷል?" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። የእውነት እየጠየቁ ነበር። "ተወልጄ ዓይኔን የገለጥኩት እሱ ሥር ነው። አንሡትና ልንካው።"

እኔ ቀረብ ብዬ፣ "እማማ፣ እባክዎ አይፈታ። ለጊዜው ቅቤውም ይቆይ" አልኳቸው። አልሰሙኝም። የምትመራቸው ወጣት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ነገረቻቸው፤ የነገረቻቸው ግን ስለ ቅቤው ብቻ ነው።

"ቅቤው ለምን ይቆያል?"

"ጴንጤ እኮ ናት" አለች ወጣቷ። "እነሱ ቤት ቅቤ አይቀባም።"

ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። "አይዞሽ" አለችኝ ቅሉን የያዘችው፤ "የእኛ ቅቤ አይነክስም። የአንበሳ አይደለም፣ የላም ነው።"

ፊቴ ጋለ። ነገሩ ጨርሶ ሐሰት አለመሆኑ ባሰብኝ። እውነትም ጴንጤ ነኝ፤ አባቴ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። የእነሱን ምርቃት የናቅሁ መስሎ መታየቱ ከምንም በላይ አስፈራኝ። እንጨቱን ከፀሐይ ለማዳን የመጣሁት ሰው፣ ስለ ቅቤ ማስረዳት ጀመርኩ። እንደማልንቅ፣ ሃይማኖቴ እንዳልሆነ፣ አያቴም ትቀባ እንደነበር። ወጣቷ እየሳቀች ለእህትየዋ ታቀብላለች።

"እንግዲያው ነይ፣ አንቺ ጀምሪ" አሉኝ እህትየዋ።

ጣቶቼን ቅሉ ውስጥ ነከርኩ። እልልታ ሆነ። ቀና ስል ወንዶቹ ቅጠሉን ገፈው፣ ጆንያውን ፈትተው፣ ምሰሶውን ከጥላው አውጥተው ግቢው መሐል አቁመውት ነበር። ጎረምሶች በአራት በኩል ደግፈው ይዘውታል። የማታው ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ከሸለቆው የሚወጣው ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከኋላ። ቅቤ ያደረገ እጄን ዘርግቼ ቀባሁት። ከዚያ ሌሎቹ ቀቡ። እህትየዋ ግንባራቸውን ምሰሶው ላይ ደግፈው፣ በሁለት ክንዳቸው አቅፈውት ቆሙ።

ሽማግሌው አጠገብ ሄጄ፣ "አባባ፣ ፀሐዩ..." አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። እህታቸውን ያያሉ። "ዱዓው ይለቅ። እንዴት አድርጌ ከእቅፏ ልንጠቀው?"

እኔም ብሆን አልነጥቀውም ነበር። ዱዓው ረዘመ። ለሙሽሮቹ፣ ለዝናቡ፣ ለሞቱት፣ ለጭሮዋም ልጅ ተመረቀ፤ አሚን አልን። ጥቁሩ እንጨት በቅቤው ውስጥ ሲያብረቀርቅ ደስ ይል ነበር። ቅቤው ያልደረሰበት ቦታ ግን ዓይናችን እያየ ወደ አመድ መልክ ይለወጥ ጀመር።

መጀመሪያ የሰማነው የማሽላ አገዳ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነበር። እህትየዋ እጃቸው እንጨቱ ላይ ስለነበር ከሁላችን ቀድመው አወቁ። "ተናገረ" አሉ፤ ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ጊዜ ሲጮህ ግን እጃቸውን አነሱ። ጫፉ ላይ የነበረው ቀጭን ስንጥቅ ተከፍቶ፣ ወደ ታች ወርዶ ሰው ደረት ላይ ደርሷል። ጣት ያስገባል። በውስጡ እርጥቡ ሥጋ ይታያል።

እልል ስትል የነበረችው ሴት ቅሉን በነጠላዋ ሸፈነችው። ጎረምሶቹ ይያዙት ወይስ ያስተኙት ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። መልሰን በጆንያ ጠቀለልነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አጋደምነው፤ በዚህ ጊዜ ተኝቷል ብሎ የከፋው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ጉድጓዱ ዳር ቁጢጥ ብለው፣ "ውሃው ውስጥ ብንመልሰው ይገጥማል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይገጥምም አባባ።"

"ጣራ ይሸከማል?"

"አይሸከምም።"

በዚያ ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማው ይህ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንቺን ባልጠይቅ ኖሮ በገመድ ጎትቼ እዚያው ፀሐይ ላይ ነበር የማቆመው። ያው ነው፤ አላህ ያለው ነው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ያው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ሳይጠይቁ ቢያወጡት አንድ ምሰሶ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ጠይቀው፣ ተማምነው፣ የልጃቸውን ቤት እስከ መስከረም ለማቆየት ፈቅደው፣ ትከሻቸውን ሰጥተው ነው ያጡት።

መኪና ስለሌለ እዚያው እንዳድር ሆነ። ጀምበር ስትጠልቅ እህትየዋ እጄን ሲያስታጥቡኝ ጣቶቼን ያዙና አቆዩአቸው። "እንዳይፈታ ብለሽ ነበር አሉ" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ለምን ጮክ ብለሽ አልነገርሽኝም?"

"ጮክ ብዬ መናገር አይሆንልኝም።"

"እኔ ደግሞ ቀስ ያለ አይሰማኝም" አሉ። በቅቤ የወዛ ጣቴን በሳሙና አሹልኝ። "ምን ይሻለናል?"

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ሳልደርስ ድምፅ ሰማሁ። ትናንት አብረውን ሲቆፍሩ የነበሩት ጎረቤቶች የየቤታቸውን ምሰሶ ሊያወጡ ነው። ከጁምዓ ሶላት በፊት ለመጨረስ በማለዳ ገመድና በሬ ይዘው መጥተዋል። አንደኛው፣ ጎልማሳ ሰው፣ ሲያየኝ፣ "ዛሬስ ማንን ልትገንዢ መጣሽ?" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ።

"አትንኩት" አልኩ። ኦሮምኛ ነበር የተናገርኩት። ድምፄ ሸለቆውን ዞሮ ተመልሶ መጣ፤ የእኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ፈጀብኝ። "ትናንት የሆነውን አላያችሁም?"

"አየን እንጂ። እኛ ቅቤ አንቀባውም።"

"ቅቤው አይደለም" አልኩ። "ፀሐይና ነፋስ ነው። ቅቤውማ ምንም አላጠፋም። እንጨቱ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የእናንተም እንደዚያው ይሆናል።"

ገመድ የያዘው ሰው ወደ በሬዎቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ። "ታዲያ ለዓሣ እንተውለት?"

"ለውሃው ተዉለት። ክረምት ሲገባ መልሶ ይሸፍነዋል። እስከዚያ ጭቃ እናልብሰው።"

ጫማዬን አወለቅሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ከአንዱ አካፋ ለመንኩና ቅርብ ከነበረው ምሰሶ ጀመርኩ፤ አመድ የመሰለውን ጫፉን እርጥብ ደለል ከመርኩበት፣ በእጄ ጠፍጥፌ ደፈንኩት። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። በመንገዴ ላይ የሽማግሌው አባት ምሰሶ የወጣበት ጉድጓድ አለ፤ ሌሊቱን ውሃ አቁሯል። ከዚያ ሰፈር ምሰሶዎች ሁሉ በቦታው የሌለው፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ የጠየቀው ሰው ምሰሶ ብቻ ነው። ዞሬው አለፍኩ።

ሰዎቹ ቆመው ያዩኛል። ማንም ሊያግዘኝ አልገባም፤ በሬዎቹንም ግን ማንም አልጠመደም። ያ ጎልማሳ ገመዱን እየጠቀለለ ትከሻው ላይ ሰቀለ፤ ራቅ ወዳለ የድንጋይ ክብ በአገጩ አመለከተኝ።

"የእኛ ያ ነው" አለ።

አካፋውን ይዤ ወደዚያ ሄድኩ።